የቈየ የቴሌቪዥን ምርመራ ዳግመኛ ሊታይ ይገባዋልን?

የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ጓዳና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንጂ ስለ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሠራር ሊናገር አይገባውም የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ቴሌቪዥኑ ራሱ የተቀመጠው ከሳሎኑ መካከል፥ ከልጆቹ ፊት መሆኑን እናስታውሰዋለን። ከደጅ የሚመጣ እንግዳ አሽከር ጠይቆት፥ ስሙን ተናግሮ፥ ፈቃድ አግኝቶ ይገባል። በቴሌቪዥን የሚገባው እንግዳ ግን ከየት እንደ መጣና በየትኛው ዘመን እንደ ተነሣ ሳይናገር በቀጥታ ከማዕዱ አጠገብ ይቆማል።

ባለፈው የጾም ወራት በአንድ የተከበሩ ወዳጃችን ቤት ለእራት ተጠርተን ነበር። ጌታው ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ፥ ወይዘሮዪቱም የወሎ ተወላጅ ናቸው። ማዕዱ ሊቀርብ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጣቢያ ስለ ወሎ ረሃብ በተሠራ የቈየ የምርመራ ፊልም ላይ ተከፍቶ ነበር። ፊልሙ መቼ እንደ ተነሣ፥ ማን እንዳነሣው፥ ከየት ተቈርጦ እንደ መጣ አንድም ቃል አልተነገረም። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጥቂት ዝም ብላ ከተመለከተች በኋላ «አባባ፥ ይህ ዛሬ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጌታውም «የለም ልጄ፥ ድሮ ነው» አሏት። «ድሮ ማለት መቼ ነው? እነዚያ ልጆችስ አሁን የት አሉ?» ብትል ግን ከመካከላችን መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። ወይዘሮዪቱ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ እልፍኝ ገቡ።

ከዚያ በኋላ በእንግዶቹ መካከል ክርክር ተነሣ። አንደኛው፥ እንዲህ ያለው ፊልም ቍስል ከመነካካት በቀር የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ ተቈልፎበት ይቀመጥ አሉ። ሌላው ደግሞ፥ የድሮውን ምርመራ የሚደብቅ ሰው የድሮውን ጥፋት ሊደግም ያሰበ ነው ብለው መለሱላቸው። እኛ ያን ማታ ለማንኛቸውም አልፈረድንም፤ ነገሩን ይዘን ስናሰላስለው ሰነበትን እንጂ። አሁን ሐሳባችን ስለ ረጋ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንደፍራለን።

በመጀመሪያ ጣቢያዎቹ ለምን እንደሚደግሙ በአጭሩ እንበል። አዲስ ምርመራ ማካሄድ ገንዘብ፥ ጊዜና ድፍረት ይጠይቃል፤ የቈየውን ፊልም ከመደርደሪያ ማውረድ ግን ከሦስቱ አንዱንም አይጠይቅም። የዓመት መታሰቢያም ሲደርስ፥ አንድ ታላቅ ሰው ሲሞትም፥ መንግሥት ሲለወጥም የቈየው ፊልም ይፈለጋል። ይህ ሁሉ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው የቈየውን ፊልም ለሌላ ዓላማ ማገልገያ ሲያደርጉት ነው። ለዚህም ምስክር ለመጥራት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ በገዛ አገራችን፥ በገዛ ቤታችን የሆነውን ማስታወስ ይበቃል።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በርትቶ ሳለ፥ ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ ጥቂት መምህራን ወደ ስፍራው ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹንም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሕዝብ ዐይን አቀረቡ። እንግዲህ ነገሩ ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። የሚያውቁት ሹማምንት ነበሩ፤ የሚያውቁት መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚራቡት ያውቁት ነበር። የታጣው ዕውቀት ሳይሆን ጮክ ብሎ የሚናገር አፍ ነው።

በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኦክቶበር 18 ቀን 1973፥ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልሙን በቴምዝ ቴሌቪዥን፥ «ዚስ ዊክ» በሚባለው ሳምንታዊ ዝግጅት ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው እንጀራ በልቶ ቡና እስኪጠጣ ከሚያልፈው ጊዜ አይበልጥም። ነገር ግን የእንግሊዝ ሕዝብ በዚያ ማታ ያየውን አይቶ አልተኛም፤ ገንዘብ ተዋጣ፥ እህልና መድኃኒት ተላከ፥ የሌሎችም አገሮች ጣቢያዎች ፊልሙን ወስደው አሳዩት። በዚያ ረሃብ የሞተው ሕዝብ ቍጥር እንደየገማቹ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። ፊልሙ ለብዙዎቹ ዘግይቶ ደርሷል፤ ለአንዳንዶቹ ግን ደርሷል። ይህን ስለ መሥራቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ እኛም ከማመስገን ወደ ኋላ አንልም።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ይህ ፊልም ግን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ የታየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነበር። እንቍጣጣሽ ነው፤ ልጆች አበባ ሥለው ሲያዞሩ ውለዋል፥ ቤቱ ቄጤማ ተጐዝጕዞበታል፥ ዘመድ ተሰብስቧል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረም ጎረቤቱ ካለው ዘንድ እየሄደ ተቀምጧል። ሕዝቡ ያየው ግን እንግሊዞች ያዩትን ፊልም አልነበረም። ደርግ በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፥ የሠርጉን ድግስና ሥጋ የሚቀርብላቸውን ውሾች አስገብቶበት ነበር። አንድ ጊዜ የሚሞት ሕፃን፥ አንድ ጊዜ የሚቈረስ ኬክ፤ እንደገና ሕፃን፥ እንደገና ውሻ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ይህን ተቀምጠው እንዲመለከቱ ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ፥ መስከረም 2 ቀን፥ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነበበላቸውና በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን በጥንቃቄ እንዲከተሉን እንለምናለን። ረሃቡ እውነት ነበር። ግብዣውም እውነት ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ራሱ የሚያሳፍር እንደ ነበረ አንክድም፤ በዚያ ዘመን በሹመት የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉም አይክዱትም ብለን እናምናለን። ነገር ግን በልዩ ልዩ ዘመንና በልዩ ልዩ ስፍራ የተነሡት ሁለቱ እውነቶች በመቀስ ተቈርጠው ሲሰፉ ሦስተኛ ነገር ወለዱ፤ እርሱም ፍርድ ነው። ተመልካቹ ያየውን ምርመራ መስሎት ተቀበለ። ምርመራ ግን መልስ የሚሰጥ ሰው አለው፥ ተጠያቂው የሚናገርበት ጊዜ አለው፥ የሚጠራጠርበት ነገር አለው። በዚያ ማታ የታየው ይህ ሁሉ ተወግዶለት ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ? ስለ ረሃቡ ማን ምን እንደ ሠራና ምን እንዳልሠራ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሲዮን በ1966 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራውን ይዞ ነበር። ይህ ኮሚሲዮን ምስክር ሰምቶ፥ ወረቀት አገላብጦ የሁሉንም ጥፋትና ንጽሕና ለይቶ ሳይጨርስ፥ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች፥ ከእነርሱም የሚበዙት የቀድሞ ሚኒስትሮች፥ መሳፍንትና የጦር አለቆች፥ ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ፊልሙ ገደላቸው ማለታችን አይደለም፤ የገደላቸው ጥይት ነው፥ ያዘዘውም ሰው ነው። ግን ሕዝቡ «ምን ያንሳቸዋል» ብሎ እንዲያልፈው ያለማመደው ምን እንደ ነበረ ሲጠየቅ፥ የእንቍጣጣሹ ማታ ሊዘነጋ አይገባውም። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ ሌሊት አባት ወይም አያት የጠፋበት ቤት እንዳለ እናውቃለን። በእነዚያ ቤቶች ያ ፊልም ሲጠራ ሌላ ትርጕም አለው። በወሎ ቤቶችም እንዲሁ ሌላ ትርጕም አለው። ሁለቱም ሐዘን ነው፤ ማንኛውንም ከማንኛው አናስበልጥም።

አሁን ደግሞ ክርክሩን ወደ ሌላው ወገን የሚያዞረውን እንናገር። አሥር ዓመት አልፎ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአሥረኛውን ዓመት በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር፥ የሠራተኞችንም ፓርቲ ሲመሠርት፥ በትግራይና በወሎ እንደገና ረሃብ ገብቶ ነበር፤ ወሬውም ከበዓሉ ድምቀት በታች እንዲቀር ተደረገ። የቀድሞውን መንግሥት በድብቅ ረሃብ የከሰሰው መንግሥት ራሱ ረሃብ ደበቀ። ያን የዲምብልቢን ፊልም ሳይቈረጥና ሳይቀጠል፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዳግመኛ ለማሳየት ከዚያ ሰሞን የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ያን ጊዜ ቢታይ የሚከስሰው የሞቱትን ሳይሆን በወንበር ላይ ያሉትን ነበረ። እንግዲህ የሐሳባችን ሥር ይህ ነው፤ የቈየ ምርመራ ሊደገም የሚገባው ያለፈውን ባለ ሥልጣን ለማዋረድ ሳይሆን ያለውን ለማስጠንቀቅ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የወደቀውን የሚነካ ፊልም በየዓመቱ ይታያል፥ የቆመውን የሚነካው ከመደርደሪያ አይወርድም።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ ሙሮ የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ጋዜጠኛ፥ በእርሻ ላይ ስለሚንከራተቱ የቀን ሠራተኞች መከራ የሠራውን «የኀፍረት መከር» የተባለ ፊልም በኖቬምበር 1960፥ አሜሪካውያን የምስጋና በዓላቸውን ጠግበው በበሉ ማግሥት፥ በሲ ቢ ኤስ ጣቢያ አሳየ። በተከታዩ ዓመት ግን ሙሮ የመንግሥት ሹመት ተቀብሎ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት አለቃ ሆነ፤ ያን የራሱን ፊልም ቢ ቢ ሲ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሊያሳየው መሆኑን ቢሰማ እንዲተውለት ለመነ። ጣቢያው አልተወለትም። ወንበር የሰውን ዐይን እንዴት እንደሚለውጥ ለማወቅ የሚሻ ሹም ይህን ታሪክ ቢያስበው መልካም ነው። ሙሮን ግን አንንቀውም፤ በኋላም በልመናው ተጸጸተ ቢሉን አይደንቀንም።

ስለ 1977 ረሃብ ከተናገርን ዘንድ ስለ ወዳጆቻችንም አንድ ነገር እንበል። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቢዩርክ ከኮረም ያቀረበው፥ መሐመድ አሚን ያነሣው የቢ ቢ ሲ ዘገባ ዓለምን እንዳንቀሳቀሰ የታወቀ ነው። በጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደን በተደረገው «ላይቭ ኤይድ» በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ ላይ ደግሞ የካናዳ ጣቢያ ያነሣቸው የረሃብተኞች ሥዕሎች ታዩ፤ የታዩትም አንድ የአሜሪካ የሙዚቃ ጓድ የዘፈነው ዘፈን ከበታች እየተሰማ ነው። ዘፈኑ ስለ ረሃብ አይደለም፤ ስለ ኢትዮጵያም አይደለም። ሰዎቹ ያደረጉት በመልካም ልብ ነው፥ ገንዘቡም መጥቷል፤ በዚህ አንከስሳቸውም። ነገር ግን መቀስና ዘፈን በጠላት እጅ ብቻ እንደማይገኙ ለማስረዳት አነሣነው። እነዚያ ሥዕሎች ከዚያ ወዲህ ቀንና ስፍራቸው እየተፋቀ ስንት ጊዜ እንደ ተደገሙ የሚቈጥራቸው የለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው በትምህርት ቤት በእነዚያ ሥዕሎች ሲቀለድባቸው እንዳደጉ ይነግሩናል። ዛሬማ በየሰው እጅ ባለው ስልክ የሃምሳ ዓመቱ ሥዕል የትናንት መስሎ በአንድ ደቂቃ አገር ያዳርሳል።

በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም። ካሜራው ሲያነሣቸው ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠየቁም እንቢ ለማለት አቅም አልነበራቸውም። አንድ ሀብታም ሰው ሲታመም ካሜራ ወደ መኝታ ቤቱ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ድኻው ግን ሜዳ ላይ ስለ ወደቀ መኝታ ቤቱ ሜዳው ሆነ። ያቺ የታየች እናት ዛሬ የልጅ ልጆች ይኖሯት ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ተቈጣጣሪው ድርጅት ኦፍኮም፥ ለአንድ ጕዳይ የተነሣ ሥዕል ለሌላ ጕዳይ ወይም በኋላ ዘመን ዳግመኛ ሲታይ የሰውን የግል ሕይወት ያለ አግባብ እንዳይደፍር ጣቢያዎች ይጠንቀቁ ብሎ በደንቡ ውስጥ ጽፏል። እንዲህ ያለ ደንብ ለእኛም ጣቢያዎች ባይተዋር ሊሆን አይገባውም።

ከዚህ ጋራ የሚመሳሰለው የተከሳሾች ነገር ነው። በጥር 1965 አንድ ሰው ተጠርጥሮ ታየ እንበል፤ በ1970 ነጻ ወጣ፤ በ1980 ፊልሙ ሲደገም ግን አሁንም እንደ ተጠረጠረ ነው። ፊልም ይግባኝ አይሰማም። በአገራችን ቴሌቪዥን በጥር ወር 2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም ሲታይ ስለ እርሱ የሚናገርላቸው ተከሳሾች ገና በፍርድ ቤት ነበሩ፤ ኋላ ተፈረደባቸው፥ ከዚያም ተፈቱ። ያ ፊልም ዛሬ እንደ ነበረ ቢደገም ምን ያህል ቤት እንደሚያውክ ማሰብ አያዳግትም። ተቃጥሎ ይጥፋ ግን አንልም፤ ወደ ፊት ታሪክ የሚጽፍ ሰው የዘመኑን አፍ ሊሰማ ይፈልገዋልና በመዝገብ ቤት ይቀመጥ።

ስለ መዝገብ ቤትና ስለ አደባባይ ልዩነት የእንግሊዞቹ የልዕልት ዲያና ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው። ልዕልቲቱ በኖቬምበር 1995 «ፓኖራማ» በተባለው የቢ ቢ ሲ ዝግጅት የሰጡትን ቃል 23 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አይቶታል። በሜይ 2021 ሎርድ ዳይሰን የተባሉት ዳኛ መርምረው፥ ጋዜጠኛው ቃሉን ያገኘው በሐሰት በተሠራ የባንክ ወረቀት አታልሎ መሆኑን አስታወቁ። ያን ጊዜ ልጃቸው ልዑል ዊልያም ፊልሙ ዳግመኛ እንዳይታይ ጠየቁ፤ በ2022ም የጣቢያው ዋና ዳይሬክተር እንደማያሳዩት ቃል ሰጡ። ብዙ ጋዜጠኞች ይህን አልወደዱትም። እኛ ግን የልጅን ልመና እናከብራለን፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የተሸሸገው ወንጀል የባለ ሥልጣን ሳይሆን የፊልሙ ሠሪ ራሱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የቈየ የምርመራ ፊልም ሊደገም ይገባዋል፤ ይህንን ሳናመነታ እንላለን። ግን ሙሉውን ይታይ፤ ከሌላ ፊልም ምንም አይጨመርበት። ከመጀመሩ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ማን እንደ ሠራው፥ በየትኛው ቀንና በየትኛው መንደር እንደ ተነሣ፥ ከዚያ ወዲህም ምን እንደ ተገኘና ማን ነጻ እንደ ወጣ ይናገር። ቀኑም በሥዕሉ ጥግ ተጽፎ ይቆይ፤ ዘግይቶ የከፈተ ሰው እንዳይሳሳት፥ በስልክም ተቈርጦ የሚወሰደው ቍራጭ ቀኑን ይዞ እንዲሄድ ነው። ሕፃናት በማዕድ በሚቀመጡበት ሰዓት አይታይ። የቤት አባቶችና እናቶችም «ድሮ ነው» ብለው ከማለፍ ይልቅ ዓመቱን ቢናገሩ ይሻላል፤ ልጅ ዓመቱን ካወቀ የተረፈውን ራሱ ይጠይቃል።

ያን ማታ ወይዘሮዪቱ ከእልፍኝ የተመለሱት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። የተነሡት ሥዕሉ ስለ ከበዳቸው መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን በመንገድ ዳር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ነጠላዋን ወደ ፊት የሳበችውን አንዲቱን፥ በዚያ ዓመት ከቤት ወጥተው ያልተመለሱትን አክስታቸውን መስለዋቸው ኖሯል። ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። «እንደገና ባየኋት» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። እኛም በማግሥቱ ለጣቢያው ደብዳቤ ጽፈን ያ ሥዕል በየትኛው መንገድ ላይ፥ በየትኛው ወር እንደ ተነሣ ጠየቅን። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ በትሕትና የተጻፈ ነው፤ ፊልሙ በተቀመጠበት ሣጥን ላይ «ድርቅ» ከሚል ቃል በቀር የተጻፈ ነገር እንዳልተገኘ ይገልጻል። ደብዳቤውን ለወይዘሮዪቱ አሳየናቸው። የልጅ ልጃቸውም ከአጠገባቸው ሆና አነበበችው፤ ከዚያም እስክርቢቶ አምጥታ የአክስቲቱን ስም ከደብዳቤው ጀርባ እንዲያጽፏት ለመነቻቸው።